የቲቸር አልጋነሽ ነጭ ሻሽ

የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ማሽኖቹን ከመክፈቴ በፊት አማትባለሁ። በስዊድን ለረጅም ዓመታት ስኖር ያልተውኩት ልማድ ነው። ባለፈው ሰሞን የነጭ ልብስ ማንጫውን ክዳን ስከፍት ሽታው ዓይኔን አስነባው። እዚህ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የሎሚ ሽታ የተጨመረበት ነው፤ ያን ዕለት የመጣልን ግን ደረቁ፣ ጉሮሮ የሚይዘው፣ የአገር ቤቱ በረኪና ነበር። ክዳኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቲቸር አልጋነሽ ከፊቴ የቆሙ ያህል ተሰማኝ።

ትምህርት ቤታችን ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። መስኮት ሲከፈት የበሰበሰ ጎመንና የበሰለ ሙዝ ሽታ ተቀላቅሎ ይገባል፤ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ ሲያልፉ ይሰማል። ቲቸር አልጋነሽ ዩኒት ሊደራችን ነበሩ፤ ሥነ ሥርዓት የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት። ግራ ብብታቸው ሥር ሁልጊዜ ቁራጭ የውሃ ጎማ አለች። ጠዋት በሰልፍ ላይ ካልሲው ያልነጣ፣ ጥፍሩ ያደገ፣ ሹራቡ የተለየ ተማሪ ከሩቅ ይታያቸዋል። ኮፍያ ደግሞ በፍጹም። ዝናብም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን፣ ኮፍያ አድርጎ በዚያ በር መግባት የለም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጆሮዬ በላይ ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ፀጉሬ ረገፈ። እናቴ ስታበጥረኝ አየችውና ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ከዚያም ሌላ። ጎረቤቱ ሁሉ ላሽ ነው አለ። እናቴ ነጭ ሽንኩርት እያደቀቀች ታሸኝ ጀመር። ጸበልም ወሰደችኝ፣ ክሊኒክም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጭንቅላቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየና አይተላለፍም፣ ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል አለ። እናቴ ለትምህርት ቤቱ ወረቀት እንዲጽፍላት ስትለምነው ግን ሳቀ።

«ወረቀት የምጽፈው ለታመመ ነው፣ እናቴ። ልጅዎ ጤነኛ ናት።»

ጤነኛ ከሆንኩ ለምን መላጣ እንደሆንኩ አልገባኝም። እናቴንም አልጠየቅኳትም። ከሹራቤ ጋር የሚመሳሰል ሰማያዊ የክር ኮፍያ ሠርታልኝ እሱን አድርጌ ሄድኩ።

ቲቸር አልጋነሽ ሰልፉን እያዩ መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

«አንቺ፣ ራስሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ኮፍያ ነው፣ ቲቸር።»

«ኮፍያ መሆኑንማ አያለሁ። አውልቂው።»

አላወለቅኩም። ጎማዋን ከብብታቸው አወጡ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሳቸው ግን በጎማዋ ጫፍ ኮፍያዬን ከራሴ ላይ አነሱት። በእጃቸው አልነኩትም። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ወጣ፣ ከኋላዬ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ኳስ ሜዳ» አለች። ሰብለ ነበረች። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ በስሜ የሚጠራኝ ጠፋ።

በነጋታው እናቴ ቢሯቸው ድረስ ይዛኝ ገባች።

«በእግዚአብሔር ይሁንብዎ ቲቸር፣ ልጅቷ ትምህርት ይቅርብኝ እያለች ነው።»

«የሐኪም ወረቀት አላት?»

«ጤነኛ ናት ብሎ አልጽፍም አለኝ።»

«ጤነኛ ከሆነች እንደ ጤነኛ ትምጣ። ለአንዷ ከፈቀድኩ ነገ ግቢው በሙሉ ኮፍያ ደፍቶ ይመጣል።»

«እንግዲያው ሳምንቱን ጨርሳ ቤት ትቀመጣለች። ሲያላግጡባት እያየሁ አልልካትም።»

ቲቸር አልጋነሽ ልንወጣ ስንል፣ ሽንኩርቱን ተዉት፣ ቆዳዋን ያቃጥለዋል አሉ። እናቴ ደረጃውን እየወረደች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣማ።

ዓርብ ከሰዓት ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ ቲቸር አልጋነሽ ደረጃው ላይ ወጡ።

«ትምህርት ቤታችን ቅማል ገብቶበታል። ከሰኞ ጀምሮ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያላችሁ ሴቶች ነጭ ሻሽ ሳታስሩ በዚህ በር አታልፉም። ኮፍያ አላልኩም። ሻሽ።»

ሰኞ ግቢው የጥምቀት መዘምራን የተሰለፉበት መሰለ። እናቴ የሻሹን ትእዛዝ ሰምታ ልካኛለች፤ በዚያ ሁሉ ነጭ ውስጥ ገብቼ ጠፋሁ። ማን ፀጉር እንዳለው፣ ማን እንደሌለው የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ገና አየር ሳልስብ ሰብለ፣ ቅማሉን ያመጣችብን ኳስ ሜዳ ናት ብላ ጮክ ብላ ተናገረች። አጠገቤ የነበረችው ራሔል ዞር አለችባት።

«ኳስ ሜዳ ላይ መች ሣር አለና ነው ቅማል የሚሰፍርበት? ይልቅ ያንቺ ጫካ ይፈተሽ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ፀጉሬ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ግራ ገባኝ። መላጣ ራስ ቅማል እንደማይዝ ራሔል ያወቀችውን ቲቸር አልጋነሽ እንዴት አላወቁም? ካወቁስ፣ ሻሹ ለማን ነው?

በዚያው ሳምንት ቲቸር አልጋነሽ የኋላ ዴስክ ላይ ብቻዬን አስቀመጡኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሰልፍ በፊት ጠመኔና መጥረጊያ ወደሚቀመጥባት ክፍል ያስጠሩኛል። ጥግ ላይ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ የያዘ ሳፋ አለ። እጃቸውን በዚያ ውሃ ይታጠባሉ፣ ከቤት ያሰርኩትን ሻሽ ፈትተው ሳፋው ውስጥ ይከታሉ፣ ታጥቦ የደረቀ ሌላ ሻሽ ያስሩልኛል፤ ከዚያ ደግመው ይታጠባሉ። አስተሳሰራቸው የራሳቸው ነበር። ጫፎቹን ከጆሮ ኋላ አሳልፈው ማጅራት ላይ ያቆላልፉና ትርፉን ወደ ውስጥ ይቀብሩታል። ብሮጥም፣ ገመድ ብዘልም፣ ሰብለ ብትጎትተውም አይወልቅም። አንድ ቀን ቋጠሮውን ሲያጠብቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አጆኺ» አሉኝ። በትግርኛ አይዞሽ ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ያን ዕለት ቋጠሮው ያመመኝ መስሏቸው የጠየቁኝ ነበር የመሰለኝ።

እናቴ እስክታርፍ ድረስ፣ የእግዚአብሔር ሰው ናቸው፣ ላንቺ ሲሉ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ሻሽ አሳሰሩ ትል ነበር። እኔም እንደዚያ ማመን እወዳለሁ። ሆኖም ያ ዴስክ አለ፤ ያ በረኪና አለ። ላሼን ቆረቆር መስሏቸው፣ እንዳላጋባ ከልጆቹ ለይተውኝ ቢሆንስ? ሐኪሙ አይተላለፍም ማለቱን እናቴ ትንገራቸው አትንገራቸው አስታውሳ ልትነግረኝ አልቻለችም። ራሔል ደግሞ ያን ሰሞን እናቷ እውነትም ቅማል እንዳገኘችባት ትምላለች። ለፋሲካ ፀጉሬ እንደ ጫጩት ላባ ሆኖ በቀለ። ቲቸር አልጋነሽ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው አዩት። ከትንሣኤ ማግስት ስንመለስ ደረጃው ላይ ወጥተው ቅማሉ ጠፍቷል፣ ሻሽ ይብቃ አሉ።

ከአገር ልወጣ ስል ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ አገኘኋቸው። ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ጉልበታቸውን ስሜ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«ሻሽ ያሳሰሩን ጊዜ ትዝ ይልዎታል፣ ቲቸር?»

«እንዴታ። ያ የቅማል ጊዜ። አስቸግሮን ነበር።»

«ፀጉሯ ረግፎ የነበረችው እኔ ነኝ።»

ወደ እኔ ዞረው ብዙ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ነጠላዬ ከግንባሬ ሸርተት ብሎ ኖሮ አስተካከሉልኝ።

«ያኔ ብዙ ልጆች ነበሩ፣ ልጄ» አሉና ቅዳሴው እንዳያመልጣቸው ተነሱ። ረስተውኝ ይሁን፣ ምስጢሬን ከራሴም እየጠበቁልኝ ይሁን፣ አልገባኝም። ከዓመታት በኋላ ወንድሜ ደውሎ ማረፋቸውን ሲነግረኝ ስማቸውን በጸሎቴ መጥራት ጀመርኩ። እስከ ስማቸው ድረስ አልቸገርም። ከስማቸው ቀጥሎ ምን ብዬ እንደማመሰግን ግን ይጠፋኛል።

በረኪናው የሸተተኝ ዕለት፣ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ሴት አስጠሩኝ። የሚወስዱት መድኃኒት ፀጉራቸውን አርግፎታል፤ የሚያስሩት ጨርቅ እየተንሸራተተ አስቸግሯቸዋል። ጫፎቹን ከጆሯቸው ኋላ አሳልፌ ማጅራታቸው ላይ አቆላለፍኩና ትርፉን ወደ ውስጥ ቀበርኩት። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፤ አልተነቃነቀም። በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና ፈገግ አሉ።

ደረጃውን ስወርድ እጄ ሸተተኝ። ወደ እሳቸው ከመውጣቴ በፊት በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ታጥቤ ነበር ለካ። ለእሳቸው ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ፣ አላሰብኩትም ነበር።