በአው ሙሜ ላይ የጻፍኩት ቃል

ይህን እናቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ ሁለት ጊዜ ልናገር ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ፣ ቀለል ያለ ኃጢአት ተናግሬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ፊቴን ለማታዩት ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ሰዎች ዓይነ አፋር ናት ይሉኛል። እኔ ግን ዛሬ ዛሬ ዓይነ አፋርነት ጥሩ ስም የወጣለት ፈሪነት ይመስለኛል።

የተማርኩት ዕፅዋት ሳይንስ ነው። እንደተመረቅኩ የተቀጠርኩት እዚሁ ድሬዳዋ፣ የሰው ግቢ ዛፍ በሚከረክም አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበር። ሥራዬ መሣሪያ ማስረከብና መረከብ፣ ሠራተኞቹንም አጠቃቀሙን ማስተማር ነው። ሰው ሁሉ በአክብሮት «አው» የሚላቸውን አው ሙሜን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የኒም ዛፍ በእጅ መጋዝ ሲከረክሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው የቆረጡት ቅርንጫፍ የማንንም ቆርቆሮ ነክቶ አያውቅም ይባል ነበር። «ዛፌን ከሙሜ በቀር ሰው አይነካውም» የሚሉ ቤቶች ነበሩ።

አለቃችን አንድ ቀን ባለ ባትሪ የቅርንጫፍ መቁረጫ ገዝቶ መጣ። ትልቅ መቀስ ይመስላል፤ በመንጋጋው መካከል ግን በስለት ፋንታ የምትሽከረከር ትንሽ የመጋዝ ሰንሰለት አለች። ሁለት ረጅም እጀታ አለው፤ በእያንዳንዱ እጀታ ላይ አንድ ማብሪያ። ሁለቱም ማብሪያዎች አንድ ላይ ካልተጫኑ ሰንሰለቷ አትነቃነቅም። ሁለቱም እጆች ከጥርሱ ርቀው እንዲቆዩ ታስቦ የተሠራ ነው።

መመሪያውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ከሥራ በፊት ሰንሰለቷን ዘይት አጠጡ፤ ላልታ ከሆነ አጥብቁ። መሰላል ላይ ቆማችሁ አትቁረጡ። ከቅርንጫፉ ሥር አትቁሙ። ባትሪው በፀሐይ ግሎ ከሆነ ሳይበርድ ቻርጅ አታድርጉ፤ የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። አንዱን ግን ከሁሉም አድምቄ ጻፍኩት፤ ሰንሰለቷ እንጨት ነክሳ ከቀረች መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ፣ እጃችሁን ከዚያ በኋላ አስገቡ።

አው ሙሜ አማርኛ ስለማያነቡ አጠገባቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው። እየሰሙ ይስቁብኝ ነበር።

«አቦ፣ ድሬ ተወልደሽ አድገሽ ይቺን ‹እርስዎ› ከየት አመጣሻት? አንተ በይኝ! ስንት ሙሜ ነው የሚታይሽ?»

እኔ ግን አልቻልኩም፤ እርስዎ እንዳልኳቸው ቀረሁ። እሳቸውም «ኢንጂነር» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

ወጣት ሳሉ ባቡር ላይ ሲሠሩ የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተቀጥቅጠው ነበር። አይታጠፉም። እጀታውን በዚያ እጅ መደገፍ ይችላሉ፤ ማብሪያውን መጫን ግን አይችሉም። አለቃችን ደግሞ በአዲሱ መሣሪያ መሥራት የማይችል ሰው እንደማያስፈልገው ተናግሯል። አንድ ጠዋት ዕቃ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይቺ እጅ እንቢ አለችኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንድ ነገር አድርጊላት።»

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ፣ «እኚህ ሰው የትኛው ቅርንጫፍ መቆረጥ እንዳለበት ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ፤ እሳቸው ያሳዩ፣ ሌላው ይቁረጥ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አለቃዬን ቀና ብሎ ማየት ስለሚያሳፍረኝ ያንን አልተናገርኩም። ከባጃጅ የውስጥ ጎማ፣ ከከመነዳሪው ላይ፣ ጥብጣብ ቆርጬ የግራውን ማብሪያ እንደተጫነ አሰርኩት። አሰርኩት። ርኅራኄ ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አስራለሁ፤ ሥራ ሲያልቅ ፈትቼ መሣሪያውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ሌላ ማንም አላየም። የባትሪው መቆለፊያ በሁለት አውራ ጣት ተጭኖ የሚለቅ ስለሆነ ለእሳቸው ይከብዳቸው ነበር፤ ስለዚህ ቃል ገባሁላቸው። «እንጨት ከነከሰ ይጥሩኝ፣ ባትሪውን እኔ አወጣለሁ።» አንድም ቀን ሳይጠሩኝ እጃቸውን አስገብተው አያውቁም። ይህን አስታውሱልኝ።

ያን ቀን ከዚራ አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን። የቤቱ እመቤት በረንዳው ላይ አስቀምጠውኝ ስለ ልጃቸው ሠርግ ይተርኩልኛል። ከኒሙ ሥር ድምፅ መጣ።

«ኢንጂነር! ነክሷል!»

ሰማሁ። እመቤቲቱ ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም፤ አቋርጦ መነሳት አሳፈረኝ። መጣሁ ለማለት እጄን ብቻ አነሳሁ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠሩኝ።

«ኢንጂነር! ነይ እንጂ አቦ፣ ኒሙ ሸበተ እኮ!»

እመቤቲቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሦስተኛ ጥሪ አልመጣም።

የመጣው የመሣሪያው ድምፅ ነው፤ አጭር። ስደርስ አው ሙሜ መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በቀኛቸው እጀታውን እንደያዙ፣ በግራቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት የተሰነቀረውን ጭራሮ ሊመዙ ሞክረው ኖሯል። የቀኝ ጣታቸው ማብሪያውን ነካ። ሌላውን ማብሪያ የኔ ጎማ ተጭኖታል። ከግራ እጃቸው የሚሠሩላቸው ጣቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ ሄዱ።

በሻሼ ጠቀለልኩላቸው፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ደግፈው ባጃጅ ላይ አወጧቸው። ባጃጁ ከበሩ ሲወጣ እኔ ወደ መሣሪያው ተመለስኩ። መጀመሪያ ባትሪውን አወጣሁ፤ ልክ እንደ መመሪያው። ከዚያ ጎማውን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጥንቁቅ ነኝ አላልኳችሁም እንጂ ጥንቁቅ ነኝ።

ሪፖርቱን የጻፍኩት በማግስቱ ነው። «ሠራተኛው የተሰጠውን ሥልጠና ችላ በማለት፣ ባትሪውን ሳያወጣ፣ በግዴለሽነት እጁን በማስገባቱ» ብዬ ጻፍኩ። ባትሪውን አለማውጣታቸው እውነት ነው። ሥልጠና መሰጠቱም እውነት ነው። ውሸቱ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያንን ቃል ደግሞ ማንም አላዘዘኝም። ግዴለሽ ማን ነበር? ሁለት ጊዜ የጠራው ሰው ነው ወይስ ሁለት ጊዜ ሰምታ የተቀመጠችው?

አለቃችን ሆስፒታል ሄዶ ሲጠይቃቸው አጠገቡ ቆሜ ነበር። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«እጄ ናት ያጠፋችው» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ ነግራኛለች።»

ያኔ አፌን መክፈት እችል ነበር። አልከፈትኩም። ሁለት ማብሪያ የሚፈልግ መሣሪያ አንድ እጅ ጥርሱ ውስጥ ሳለ እንዴት እንደተነሳ አለቃችንም አልጠየቀም። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ፤ እኔ ቀረሁ። ለምን ዝም አሉልኝ? ያሳሰርኩት እኔ ነኝ ብለው ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ይሆን? ወጣት ናት፣ ትኑርበት ብለው ይሆን? አላውቅም፤ ጠይቄያቸው አላውቅምና።

ሪፖርቱን አለቃችን ለሠራተኞቹ መቀጣጫ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ቃሉ ከግቢው ወጣ። መጋላ አንድ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ስገዛ ባለሱቁ ለአንዲት ደንበኛው ሲመክር በጆሮዬ ሰማሁ። «ሙሜን? ተዪው ወላሂ! የራሱን ጣት ያስበላ ግዴለሽ፣ ያንቺን ኒም ሊጠብቅልሽ ነው?» ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው መጋላ አገኘኋቸው፤ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ የግራ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ካለው ፎጣ ሥር ደበቁት። እኔ እንዳላይ፣ እኔ እንዳላዝን።

«ኢንጂነር! አሁንም ‹እርስዎ› ነሽ?»

«እርስዎ…» አልኩ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

ከፊታችን ባለው ግቢ አንድ የማላውቀው ሰው ኒም ይቆርጥ ነበር። ቅርንጫፉን አለቦታው፣ ከአንጓው ርቆ ቆረጠው። አው ሙሜ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። የሚሰማቸው እንደሌለ ያውቃሉ። ጣታቸውን የወሰደችው ሰንሰለቷ ናት፤ ተሰሚነታቸውን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ሪፖርት ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ ከጎማው ጋር አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚህ ወጥቼ ወደ መጋላ፣ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ወረቀት በወረቀት ይታረማል፤ በአፍ የሄደው ቃል ግን በአፍ ነው የሚመለሰው፣ የኔ አፍ ደግሞ ለብቻው አይበቃም። ድሬ ውስጥ የኒም ጥላ ያላችሁ ሁሉ፣ የአው ሙሜ ስም ተነስቶ አንድ ሰው «ግዴለሽ» ሲል ከሰማችሁ፣ እሳቸው ሁለት ጊዜ እንደተጣሩ ንገሩልኝ። ቃሉ የኔ ነው። ከሳቸው ላይ አንሱና መልሱልኝ።