ከወዲያ ማዶ የሚመልስ

ከቆቦ በባጃጅ ወጥተን ወንዙ ዳር ስንደርስ የረጠበ አሸዋ ሽታ መጣና ሾፌሩን «እዚህ ጋ አቁምልኝ» አልኩት።

የአጎቴ የአያ ይማም መንደር በሁለት ወንዞች መካከል ናት። በበጋ አሸዋውን ረግጦ መሻገር ነው፤ በክረምት ግን ጎርፍ ይከባትና ደሴት ትሆናለች። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ስንሄድ፣ ወንዙ ደረቅ ቢሆን እንኳ ዝም ተብሎ አይገባም ነበር። ከእኛ ዳር ገደሉ ተራራውን ይጋርደዋል። ተራራው ላይ መዝነቡን የሚያዩት ማዶ ያሉት ስለሆኑ ቆሞ መጣራት ነው፤ «ግቡ!» ካላሉ አይገባም።

አንድ ቀን እናቴ ተጣራች። አያ ይማም ማዶ ካለው ማሽላ ውስጥ ብቅ ብለው «ቁሙ! ንቅንቅ እንዳትሉ!» አሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኔ ተነጫነጭኩ። ጥቂት ቆይቶ መጀመሪያ የረጠበ አሸዋ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ደራሹ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ባዶውን አሸዋ ሞላው።

አመሻሹ ላይ ውሃው ጎድሎ ስንሻገር አያ ይማም እጄን ያዙኝ። «አልሐምዱሊላህ። አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ ብቻ ተጣሪ። እዚህ የሚመልስ ሰው አይጠፋም።»

ከተማ ከገባሁ በኋላ ግን «ወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራና እሄዳለሁ» ስል ዓመታት አለፉ። ድልድዩ ተሠራ፤ አያ ይማም ግን በሕይወት አልደረሱበትም።

ከባጃጁ ወርጄ ዳር ላይ ቆምኩና ተጣራሁ።

«ማንን ነው?» አለ ሾፌሩ። «ድልድይ አለ እኮ፤ ግቢና እንሂድ።»

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።