የአያቴ ጠገራ በአጎቴ ቦክስ ውስጥ

አሮጌ ቦክስ መኪና ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ሾፌሮቹ አንድ ነገር የጣልሁ ይመስላቸዋል። "ምን ጠፋብሽ?" ይሉኛል። "ምንም" እላለሁ። ነዳጅና ላብ የጠጣው ወንበር፣ በፀሐይ የጋለው ላስቲክ፣ ማርሹ ሥር የተጋገረው አቧራ፣ ሁሉም ተባብረው ወደ ሱዳኗ ፋው፣ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ይመልሱኛል።

ፋው ውስጥ ከአጎቴ ከታደለ ጋር በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። አባቴ ብርሃኑ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ታደለ ደግሞ ኋላዋ ክፍት በሆነች ቦክስ መኪናው ሰውና እህል ያመላልሳል። ከአርማጭሆ ሲሰደዱ አብረው ነው የወጡት። የአጎቴ ልጅ ሐና በአንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ወርውረን የቆመው ቦክስ ውስጥ እንገባና፣ መሪውን እየተቀማማን "ገዳሪፍ! ገዳሪፍ!" እያልን ተሳፋሪ እንጠራለን። ሲሞቀን ወርደን ከመኪናው ጥላ ሥር ቅልሞሽ እንጫወታለን። ከአንድ ሳህን ፉል እንበላ፣ አንድ አልጋ ላይ እንተኛ ነበር።

አባቴ የድሮ ሳንቲም ይሰበስብ ነበር። ሐላዋ የሚባለው ጣፋጭ በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ የጃንሆይ ሳንቲም፣ የጣልያን ሊሬ፣ የእንግሊዝ ጊዜ የሱዳን ቅርሽ ነበረው። ከሁሉም የምትበልጥበት ግን አያቴ አንገቷ ላይ አስራት የነበረችው፣ ጠርዟ ላይ የተበሳችው ጠገራ ብር ናት። አያቴ ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ስትሞት ያስታመማት አባቴ ስለነበር ጠገራዋ እሱ ዘንድ ቀረች። አጎቴ በዚህ ቅር እንዳለው ልጆቹም እናውቅ ነበር። "ታላቅ ልጅ እያለ..." ብሎ ይጀምርና እናቴን ሲያይ ይተወዋል።

አንድ ጠዋት አጎቴ ወደ ገዳሪፍ ሲወጣ አባቴም እኔን ይዞ ተሳፈረ። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ እንደሱ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጠገራዋን ለማየት ጓጉተው ነበር። አራታችን ከፊት ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን፤ አጎቴ መሪው ላይ፣ ሐና ከጎኑ፣ ቀጥሎ እኔ፣ አባቴ በሩ ጋ።

"ልትሸጣት ነው አይደል?" አለ አጎቴ፣ ገና ከከተማው ሳንርቅ።

"ላሳያት ነው፣ አያ።"

"እስቲ እኔም ልያት። እናቴ አንገት ላይ ካየኋት ወዲህ አላየኋትም።"

አባቴ እያመነታ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። አጎቴ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው አገላብጦ አያትና "እንኪ፣ ለአጎትሽ አቀብይው" ብሎ ለሐና ሰጣት። በዚያው ቅጽበት ፍየሎች መንገድ ገቡ። ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። መኪናው ቆሞ ቀና ስንል የሐና እጅ ባዶ ነበር።

"አመለጠችኝ" አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

አጎቴ ከአስፋልቱ ወጥቶ አቆመ፤ ወረድን። ግራ ቀኙ የማሽላ እርሻ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። አባቴ ከወንበሩ ሥር እጁን ሰደደ፣ የወለሉን ላስቲክ ገለጠ። የለውዝ ገለፈትና የተሰበረ ማበጠሪያ ብቻ አገኘ። ደግሞ ፈለገ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠና ወደ ሐና ዞረ።

"ጫማሽን አውልቂ" አላት።

አወለቀች። ጫማዋን አራገፈ። ኪሷን ገለበጠ። "አፍሽን ክፈች" አላት፤ ከፈተች። ከዚያ ራሱ የሰፋላትን ቀሚስ ጠርዝ ይዞ ስፌቱን ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። እኔን አልነካኝም።

አጎቴ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ሲጨምር ቆይቶ ቀና ሲል አየው።

"ብርሃኑ! ልጄን ነው የምትፈትሽ?"

"እሷ እጅ ላይ ነው የጠፋች፣ አያ።"

"ያንተዋስ? አጠገቧ አልተቀመጠችም?"

አጎቴ መፍቻ አወጣ። ወንበሩን ነቅሎ መንገድ ዳር ወረወረው። የወለሉን ላስቲክ በቢላዋ ሸነሸነው። ቤተሰቡን የሚያኖርባትን መኪና እንደ ጠላት ገነጣጠላት። አባቴ "ተው፣ አያ፣ ይቅር" ቢለው የሚሰማ አልሆነም። በመጨረሻ የማርሹን መሸፈኛ ሲቦጭቀው ጠገራዋ እዚያ ውስጥ በግራሶ ተለውሳ ተገኘች።

በደስታ ጮህሁ። የጮህሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

አጎቴ ጠገራዋን በሸሚዙ ጠርጎ አባቴ መዳፍ ላይ አኖራትና ጣቶቹን አጠፈለት።

"በል ያዝ። ሌባም የለ፣ የጠፋም የለ። እኔን ግን ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ አትበለኝ።"

"አያ፣ ደንግጬ እኮ ነው..."

"አያ አትበለኝ!"

ወንበሩን ከኋላ ጫነው፤ እሱ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ፤ ሐናን ባዶው ወለል ላይ አስቀምጦ እኛን ጥሎን ሄደ። ሐና አላለቀሰችም። ጫማዋን እንደያዘች ነበር። ገዳሪፍም ሳንደርስ ሰሊጥ በጫነ ሎሪ ወደ ፋው ተመለስን።

ሳምንት ሳይሞላ ግቢያችን መሐል የቆርቆሮ አጥር ቆመ። ሽማግሌዎች መጡ። አጎቴ "እኔን ተዉኝ፤ ልጄን ይቅርታ ይጠይቃት። ያን ካደረገ እኔው እግሩ ላይ እወድቃለሁ" አላቸው። አባቴ ተቆጣ። "ለልጅ? እኔ ለልጅ ይቅርታ ልጠይቅ?" እናቴ አለቀሰችበት፤ እምቢ አለ። አጎቴም ቤቱን ነቅሎ ካርቱም ገባ። አባቴ ሲሞት ሰው ተልኮበት አልመጣም። የአጎቴን ሞት ስንሰማ እኛም ለቅሶ አልተቀመጥንም።

አሁን የምኖረው ገዳሪፍ ነው። ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ወደዚህ ካፈሰሰው ወዲህ የዳቦ ሰልፍ ረዝሟል። አንድ ጠዋት ፉርኑ፣ ዳቦ መጋገሪያው፣ በር ላይ ከሰልፉ ፊት የቆመች አንዲት ሴት አየሁ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አቋቋሟ ቁርጥ አጎቴን ነው። ተጠጋኋትና "ሐና?" አልኋት።

ዞር ብላ አየችኝ። ዐይኗ ላይ አወቅሁት፤ አውቃኛለች። በዐረብኛ "ያ ኡኽቲ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው" አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው፤ እዚህ አገር ሰው ለማያውቃት ሴት ሁሉ የሚለው። ዳቦዋን ይዛ ሄደች።

ድሮ ፋው ውስጥ ዳቦ ስንላክ ሻጩ "እህትማማች ናችሁ?" ሲለን እኩል "አዎ!" እንል ነበር። ውሸት መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሎን አያውቅም። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ዳቦ የምገዛው በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ፉርን ነው። እስካሁን ተመልሳ አልመጣችም።