ስም እስከ አያት

ካርድ ክፍላችን ኮምፒውተር የገባ ሰሞን የሚችለኝ አልነበረም። የምሠራው ኮልፌ ውስጥ፣ አንዲት የግል ሆስፒታል ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካርድ ሲያገላብጡ የኖሩትን ሽማግሌ ባልደረባዬን፣ ጋሼ፣ ጡረታዎን ያስቡ እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ጉራ ብቻ!

አንድ ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት መስኮቴ ላይ ቆሙ። ባላቸው ጠዋት ታክሲ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ሐኪም ቤት ተወሰዱ ከመባሉ በቀር የት እንደሆነ የነገራቸው የለም። የሰውየውን ስም ብቻ ሲነግሩኝ ተቆጣሁ። በኛ አገር ቢሮ ስም ማለት እስከ አያት ነው፤ ያልሞላ ፎርም ይመለሳል። ተጨንቀው አያትየውን አስታወሱ። ሦስቱንም ስም ጻፍኩ፤ ዕድሜና ሰፈርም ጨመርኩ። ኮምፒውተሩ ብዙ በነገርኩት ቁጥር አጥብቆ የሚፈልግልኝ መስሎኝ ነበር። አልተገኘም አለ።

ጋሼ ድንገተኛ ክፍል ገብተን በዓይናችን እንይ አሉ። ኮምፒውተሩ የለም ካለ የለም ብዬ ሴትዮዋን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሸኘኋቸው።

ሦስት ሆስፒታል ዞረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጋሼ ወንበሬን ሳቡና በአንድ ጣታቸው የሰውየውን ስም ብቻ ለቅመው ጻፉ። ስምንት ሰው መጣ። አንደኛው የአባት ስም የለውም፤ ዕድሜ በግምት ስልሳ፤ ያመጣቸው የታክሲ ረዳት። ረዳቱ ከሰውየው አፍ የሰማው ያንኑ አንድ ስም ነው፤ አያታቸውን ከየት ያምጣው? ኮምፒውተሩ ደግሞ የጻፍኩለት ሁሉ ካልገጠመ የለም ነው የሚለው። ከስማቸው ጎን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማረፋቸው ተጽፏል።

መርዶ በወጉ በማለዳ፣ በዘመድ ነው የሚነገረው። እኔ በመስኮት አረዳኋቸው። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

አላለቀሱም። የመስኮቱን ጠርዝ ይዘው፣ "ቅድም እዚህ ስቆም የት ነበር?" አሉኝ።

"እዚሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ።"

"በሕይወት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ጠርቶኝ ይሆን?"

አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። በማግስቱ ተረኛ የነበረችውን ነርስ ጠየቅኳት። ነፍሳቸው እስክትወጣ ሚስቴን ጥሩልኝ ሲሉ ነበር አለችኝ።