አልተጠረገም

ሲስተር ቴክላ ቁጡ ናት እያሉ ያሟታል። ትቆጣ እንጂ፣ ምን ታድርግ! ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፍሎሬስ ደሴት ማዶ ባለችው በዚያች ትንሽ ደሴት የዓይን ሞራ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ከሐኪሙ ጎን ቆማ መሣሪያ የምታቀብለው እሷ ናት፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። ሐኪሞቹ ሦስት ቀን ይሠሩና፣ ፋሻው ተፈቶላቸው ከሚያለቅሱት ሽማግሌዎች ጋር ፎቶ ተነሥተው በመርከብ ውልቅ ይላሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግድግዳ እየዳበሱ የሚመጡት ግን ወደ እሷ ነው። “ሲስተር፣ ጉሙ ተመለሰብኝ እኮ!”

አክስቷ ማማ ብሪጊታም እንዲሁ ሆኑ። በዚያ አገር ደግሞ የዳነ በሽታ ካገረሸ የተደበቀ ጥፋት አለ ይባላል፤ ዘመድ ተሰብስቦ “ይናዘዙ!” ይላል። ምን ይናዘዙ? ምንም የለባቸውም። ሲጨንቃቸው ጊዜ “የጎረቤቴን አሳማ የሰረቅኩት እኔ ነኝ” ብለው ያልሠሩትን አወጡ። አሳማም ተኩ። ዓይናቸው ግን አልበራም፤ ሌባ እንደተባሉ ሞቱ።

ቴክላ እውነቱን የሰማችው ከዚያ በኋላ፣ ሱራባያ ከተማ ለሥልጠና ሄዳ ነው። ሞራው ሲወጣ ይዞት የነበረው ስስ ከረጢት እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። ከረጢቱ ላይ ፍርፋሪ ከቀረ ውሎ አድሮ ያድግና ያደበዝዘዋል። በደንብ ከተጠረገ ጉሙ የመመለስ ዕድሉ ያንሳል። ቢመለስም በሌዘር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌዘሩ ያለው ግን ባሕር ማዶ፤ እነዚያን ሽማግሌዎች ማን ይወስዳቸዋል? “የደቂቃ ነገር!” ብላ ጠረጴዛውን በጡጫ ስትለው አስተማሪው ደነገጠ።

ዘንድሮ ከጃካርታ የመጣው ዶክተር ሄንድራዋን ነው፤ ስሙ የገነነ፣ እጁ የፈጠነ። “ዛሬ አርባ ዓይን!” ብሎ ጀመረ። ቴክላ በማይክሮስኮፑ የረዳት መመልከቻ ታያለች፤ ሰውየው ፍርፋሪው እያለ ሌንሱን ይከታል። አንዱን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ደሟ ፈላ። ግን ትልቅ ሐኪም ነው፣ እንግዳም ነው፤ ዋጥ አደረገችው።

አሥራ ሁለተኛዋ ማማ ኦዲሊያ ነበሩ፤ ሸማኔ ናቸው። ክሩ አልታይ ብሏቸው እንጨታቸው ላይ የተጀመረ ልብስ እንደተወጠረ ሦስት ዓመቱ። ደንዝዞ የተከፈተው ዓይናቸው ብቻ ስለሆነ ሁሉን ይሰማሉ።

“ልጄ፣ ክሩን አየዋለሁ አይደል?” አሏት።

“ሌንስ!” አለ ዶክተሩ።

“አልተጠረገም።”

“ምን አልሽ?”

“ፍርፋሪ አለ፣ ዶክተር። ይጥረጉት።”

“ሲስተር፣ ውጭ ሃያ ስምንት ሰው ቁጭ ብሏል። አምጪ!”

“ይቀመጣላ! ተሠርቶ ተመልሶ ከሚታወር ነገ ይምጣ። አልሰጥም።”

ዶክተሩ ወደ ሌላዋ ነርስ ዞረ። እሷ ጣሪያውን ታያለች።

“እኔም እጠብቃለሁ” አሉ ማማ ኦዲሊያ ከጨርቁ ሥር። “ሦስት ዓመት ጠብቄ የለ!”

ዶክተሩ ጥርሱን ነክሶ ማጽጃውን አነሣ። አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ከረጢቱ ጥርት ሲል ቴክላ ሌንሱን አቀበለችው።

ጓንቱን እያወለቀ ዞር ብሎ አያት። “እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንዱን ስሠራ የት ነበርሽ?”

የቀሩትን ሃያ ስምንት እየጠረገ ሠራ፤ እሷም አቀበለች። ንዴቷ አልበረደም፤ አሁን የሚያቃጥላት ግን ራሷን ነበር። እንዴት አስችሏት ነው አሥራ አንድ ጊዜ እጇን የዘረጋችው?

ሥራው እንዳለቀ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። አንድ ዓይናቸው የተሸፈነ ሽማግሌዎች በቆሎ እየበሉ ይሳሳቃሉ። “ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥሽ!” ተባለ ከየአልጋው።

“አታመስግኑኝ!” ብላ ጮኸች። “መጀመሪያ የገባችሁት ዓይናችሁ በደንብ አልተጠረገም። ጉሙ ሊመለስ ይችላል። ከተመለሰ ጥፋቱ የሐኪሙና የእኔ ነው። አይቼ ዝም አልኩ።”

በሩ አጠገብ የተኙት ባፓ ላምበርቱስ በቆሎውን አስቀመጡ።

“ዝም ማለቱን ስንተኛው ላይ ተውሽ?”

“አሥራ ሁለተኛው ላይ።”

አዛውንቱ ፋሻቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

“እኔ አሥራ አንደኛ ነበርኩ” አሉ።