ኅዳጉ የተቆረጠው የኬሚስትሪ መጽሐፍ

ሃክኒ ባለው የመጽሐፍ ጥገና ቤት ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት አራት ሰዎች ነበርን። ባለቤቱ ጋሽ ንጉሤ፣ እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገችው መጽሐፍ የምትሰፋው ሄለን፣ መጽሐፍ ይዘው የመጡት ሚስስ ዶሰን፣ እና እኔ። ጥራዝ የተማርኩት ቤቴ ውስጥ፣ ያረጁ መጻሕፍት እየፈታሁ መልሼ እየሰፋሁ ነው።

የሚስስ ዶሰን መጽሐፍ ኬሚስትሪን ለማያውቅ ሰው የተጻፈ፣ የቆየ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ የመምህርና የተማሪ ንግግር ነው። ለሙከራ የሚያዝዘውም ሻማ፣ አቼቶ፣ ጓዳ ውስጥ የማይጠፋ ነገር ነው።

«የአክስቴ ነበር» አሉ ሚስስ ዶሰን። «የሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሙከራዎቹን ሁሉ ሠርቻለሁ ስትል ቤተሰቡ ይስቅባት ነበር። ምልክት ካገኛችሁ ንገሩኝ።»

ከሄዱ በኋላ ገጽ በገጽ ፈተሽን። እኛ ምልክት ስንል የእጅ ጽሑፍ ማለታችን ነው፤ በእርሳስ የተጫረ እንኳ አልነበረም። የአንድ ምዕራፍ ኅዳጎች ግን ተቆርጠው ሄደዋል።

«አይጥ ነው» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«አይጡ መቀስ ነበረው ጋሼ? ቀጥ ብሎ እኮ ነው የተቆረጠው» አለች ሄለን።

«የለንደን አይጥ ነዋ። ይልቅ ፊል አድርጉት።»

ፊል ማድረግ የጎደለውን በስስ ወረቀትና በስታርች ሙጫ መሙላት ነው። ስንሠራ፣ በገጾቹ መጋጠሚያ ከጣት የሚያንስ ቁራጭ ወረቀት ተጣብቆ አገኘን፤ አንድ ጫፉ ቀላ ያለ። ቀለሙ ወደ ሌላ ገጽ እንዳይጋባ በስፓቱላ አንስተን ከጥራጊው ጋር ጣልነው። የቤቱ ደንብ ነው።

መጽሐፉ በመጫኛ ከመጨመቁ በፊት የገጾቹን ቅደም ተከተል ቼክ ማድረግ የኔ ድርሻ ነበር። ምዕራፉን ያን ጊዜ አነበብኩት። መምህሩ ተማሪዋን ነጭ ወረቀት በቀጭኑ እንድትቆርጥ፣ በቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ ነክራ እንድታደርቀው ይነግራታል። አቼቶ ሲነካው ይቀላል፤ የሶዳ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል።

ለጋሽ ንጉሤ አሳየኋቸው። ቆመው ደግመው አነበቡት። ቁራጩን የጣልንበት ቆሻሻ ግን ተወስዶ ነበር።

ሚስስ ዶሰን ሲመጡ ጋሽ ንጉሤ ራሳቸው ነገሯቸው። «አክስትዎ እውነታቸውን ነበር። ለሙከራው የቆረጡት ኅዳጉን ነው፤ ማስረጃው እጃችን ገብቶ ጣልነው።»

ሚስስ ዶሰን አዲሱን ኅዳግ በጣታቸው ዳሰሱ። «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። «የሞላችሁትን ማንሳት ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው አንሱልኝ። እሷ እንደተወችው ይሁን።»

በእርጥብ ብሩሽ አላቀቅነው። የመቀሱ መስመር እንደገና ታየ። ሚስስ ዶሰን በአክስታቸው ለሳቁት ሰዎች የሚያሳዩት ቀለም ግን የላቸውም።

የተቆረጠ ኅዳግ ከመሙላት በፊት ገጹ የሚለውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ለሚስስ ዶሰን ስለ ቁራጩ የምናስታውሰውን ጽፈን ልንሰጣቸው ነው። እኔ ያየሁት ቀዩን ጫፍ ብቻ ነው። ሄለን፣ ጋሽ ንጉሤ፤ ሌላኛውን ጫፍ አይታችሁት ከሆነ ምን ይመስል እንደነበር ጨምሩበት።