ሞስኮ በአባቴ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ

አባቴ ጦርነትን የሚያውቀው በወገብ በኩል ነበር። ከፒያሳ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ ከአብዮቱ በፊት ለመኮንኖች የክብር ልብስ ይሰፋ ስለነበር፣ የትኛው ጄኔራል በየትኛው ዓመት ስንት ጣት እንደወፈረ በቃሉ ይዞታል። ራሱ ግን ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም። ለበዓል ዶሮ እንኳ የሚያርድልን ጎረቤት ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ የዓለምን ጦር ሲያዝዝ የሚውለው።

የጦር አጋሮቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሌላው ከእኛ ሦስት በር አለፍ ብሎ የወርቅ ሱቅ ያላቸው ወፍራም ሰውዬ። ሲገናኙ ሰላምታቸው "እንዴት ሰነበትክ" አልነበረም፤ "እና፣ ምን ይነበባል?" ነበር። መምህሩ አንድ ሰሞን በረሃ ውስጥ ስለተዋጉ ታንኮች ሲያነቡ ሰነበቱ፤ ያን ሰሞን ሻይ እንኳ ሲጠጡ ነዳጅ የሚቆጥቡ ይመስሉ ነበር። ወርቅ ሠሪው ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ሌላ አይጥማቸውም። ባሕር አይተው ያውቁ እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ "የደብረ ዘይትን ሐይቅ አይቻለሁ" አሉኝ።

መጻሕፍቱን የሚገዙት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነው፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የመምህሩን ዓይን ሞራ ሲጋርደው ንባቡ በእኔ ላይ ወደቀ። ያኔ ሥላሴ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ አይከፋም፤ አማርኛዬ ግን ከቢሮው አልወጣም። "ከላይ በተጠቀሰው ኮረብታ ላይ የነበረው ጦር፣ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ፣ እጁን ለሚመለከተው ክፍል ሰጠ" ብዬ ሳነብ ሦስቱም ጭንቅላታቸውን በአድናቆት ይነቀንቁ ነበር።

የዚያ ዓመት መጽሐፍ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ጥራዝ ነበር። ሞስኮ ድረስ ስለዘመተው የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ይተርካል። ስሙን ለመጥራት ምላሳችን ስላልተገራ እኛ ቤት "አጭሩ" ነበር የሚባለው። መጽሐፉ ተዘርግተው የሚታጠፉ ካርታዎች ነበሩት፤ መምህሩ እነሱን በጣታቸው እየዳሰሱ አንድ ሐሳብ አመጡ፦ "ለምን አንዋጋውም?"

ተዋጉት። አባቴ የመቁረጫ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔ ወንዞቹንና መንገዶቹን አሰመረ። ጦሩ የልብስ ቁልፍ ነው፤ ትልልቁ የካፖርት ቁልፍ መድፍ፣ የሸሚዙ እግረኛ፣ ባለ መልሕቁ ፈረሰኛ። ሰማያዊው የፈረንሳይ፣ ጥቁሩ የሩሲያ። ሁለት ጦር ሲጋጠም መምህሩ ሃያ አምስት ሳንቲም ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ አንበሳ ከሆነ አጥቂው ያሸንፋል፣ ሰው ከሆነ ተከላካዩ። ወርቅ ሠሪው አጭሩን ሆኑ። አባቴ ሩሲያን ያዘ። እኔ እየተረጎምኩ ቀጥሎ የሚሆነውን እናገራለሁ፤ ስለ ዳቦና ስለ ስንቅ የሚያወራ ገጽ ሲመጣ ግን ሦስቱም በአንድ ድምፅ "እሱን እለፊው፣ ወደ ውጊያው!" ይሉኛል። አልፈዋለሁ።

ያኔ ለቅሶ ቤት እንኳ ሦስት ሰው አንገት ለአንገት ገጥሞ ሲያወራ ሰው የሚሸሽበት ጊዜ ነበር። እነሱ ግን ካርታ ላይ አጎንብሰው ይጮሃሉ። አንድ ቅዳሜ ወርቅ ሠሪው ጠረጴዛውን በቡጢ መትተው፣ "ዛሬ ሞስኮን ሳልይዝ ቤቴ አልገባም!" ሲሉ በሩ ተከፈተ። የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ኃላፊ ነበር፤ ካኪ የለበሰ ወጣት ካድሬ። የመጀመሪያ ዩኒፎርሙን የሰፋለት አባቴ ነው፤ ያኔ "ጋሼ" ይለው ነበር፤ አሁን "ጓድ ልብስ ሰፊ" ነው የሚለው።

"ሞስኮን ማነው የሚይዘው?" አለ።

"ግባ እስቲ ጓድ፣ ሻይ ይምጣልህ፣" አለ አባቴ።

"ሞስኮን ማነው የሚይዘው ነው ያልኩት።"

ወርቅ ሠሪው ቡጢያቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። "እኔ ነኝ፤ ግን አልያዝኩም። ገና መንገድ ላይ ነኝ፣" አሉ።

ካድሬው ጠረጴዛውን ዞሮ አየው። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁልፍ ነው፣" አለ አባቴ።

"ቁልፍ መሆኑን አያለሁ። ያሰለፈው ማነው?"

መምህሩ ክፍል እንደሚያስተምሩ ሁሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው አስረዱት፤ ጥንት የሆነ ነገር እንደሆነ፣ ፈረንሳይ ሩሲያን እንደወረረች፣ እንደተሸነፈች። ካድሬው በጥሞና ሰማና፣ "የኛ የትኛው ነው?" አለ።

"የኛ እንኳ የለበትም። እኛ አልነበርንም።"

"የኛ የሌለበት ጦርነት የለም፣ ጓድ መምህር። እነዚህ ፈረንሳዮች አብዮት አካሂደው የለም እንዴ? ተምረናል።"

"አካሂደዋል። ይሄ ሰውዬ ግን በኋላ ራሱን አነገሠ።"

"አብዮቱን ቀለበሰ ማለት ነው! እንግዲያው የኛ ሩሲያ ናት።"

"ሩሲያንም የሚገዛው ንጉሥ ነው። ዛር ይባላል።"

ካድሬው ሰማያዊውንና ጥቁሩን ቁልፍ ተራ በተራ አየ። በየትኛውም ጥናት ክበብ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው አይመስለኝም። በመጨረሻ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ "ሰኞ ቀበሌ ትቀርባላችሁ። አንቺም፣" ብሎኝ ወጣ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍነው እኛ ነን የምናውቀው። አባቴ ወንዞቹን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋ። እናቴ፣ "ጦርነት ካማረህ እኔ አልበቃህም ነበር?" ብላው ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። መምህሩ መጻሕፍታቸውን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ከትተው ከላይ ጤፍ ነሰነሱበት። ጤፍ በቀበሌ በሚታደልበት ጊዜ ሙሉ ጆንያ ጤፍ ከመጽሐፍ ይበልጥ እንደሚያስጠረጥር የተገለጠላቸው ዘግይቶ ነው፤ መልሰው አወጧቸው።

ሰኞ አራታችንም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ካድሬው መጽሐፉን ከፊቱ አስቀምጦታል። እንግሊዝኛ እንደማያነብ አውቃለሁ፤ ካርታዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ተዘርግተው ስለታጠፉ ልፍስፍስ ብለዋል።

"አጥንቼዋለሁ፣" አለ። "ለሰፊው ሕዝብ ትምህርት አለው። በሚቀጥለው እሑድ በአዳራሹ ታቀርቡታላችሁ። ወራሪው ይሸነፋል። ዛሩን ግን አውጡት።"

ወርቅ ሠሪው የአራዳ ልጅ ናቸው፤ ፍርሃት አፋቸውን አይዘጋውም። "ጓድ፣ ዛር ማውጣት የባለ ውቃቢ ሥራ ነው፤ እኛ እንችልበታለን?" አሉ። አባቴ በክርኑ ወጋቸው። ካድሬው ግን አልሳቀም። "ሳንቲም መወርወሩም ይቅር። ድል በዕጣ አይደለም፣" አለ። ወርቅ ሠሪው እንዲሸነፉ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። "እሸነፋለሁ፣" አሉ ስንወጣ፣ "ግን በሥርዓት ነው።"

እሑድ አዳራሹ ሞላ፤ ስም የሚጠራበት ስብሰባ ስለሆነ መቅረት አይቻልም። ቁልፍ ከሩቅ እንደማይታይ የተረዳነው እዚያው ስለሆነ፣ ወለሉ ላይ አንሶላ ተነጠፈና ከቀበሌው መዝናኛ ባዶ ጠርሙስ መጣ። ፈረንሳይ ቢራ ሆነች፣ ሩሲያ ለስላሳ። ይህ ስህተት ነበር፤ የወንዶቹ ልብ ሁሉ ወደ ቢራው አደላ። ወርቅ ሠሪው ጠርሙሶቻቸውን አሰልፈው ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ጭብጨባ ይነሣል። ሞስኮ ሲገቡ ከኋላ አንዱ እልል አለ። ካድሬው ፊቱ ጠቆረ።

"ከዚያስ?" አለኝ።

"ከዚያ ክረምት መጣ፣" ብዬ አነበብኩ።

"ድሮስ በሐምሌ ማን ይዘምታል?" አሉ ከፊት የተቀመጡ አሮጊት። "ወንዙስ መች ያሻግራል?"

"እንደኛ ክረምት አይደለም እማማ፣ በረዶ ነው የሚጥለው።"

"የበረዶውን ነገር ተይኝ ልጄ! አምና ጎመኔን አንድ ሳያስቀር ጨረሰብኝ።"

እንዲህ እያለ አጭሩ በሐምሌ ዝናብና ጎመን በሚጨርስ በረዶ ተመትቶ ወደኋላ ተመለሰ። ካድሬው ደስ ብሎት ጥያቄ ካለ ብሎ ጠየቀ። ከግድግዳው ሥር አንድ ሰው በክራንች ተደግፎ ተነሣ። ከምሥራቁ ግንባር ቆስሎ የተመለሰ ወጣት ነው፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። በሰፈሩ ሲያልፍ አይተነዋል፤ ሲናገር የሰማው ግን የለም።

"ውሃውን የሚያመጣላቸው ማነው?" አለ።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መጽሐፉ። "ወንዝ አለ፣" አሉ መምህሩ።

"ወንዙ እዚህ ነው። ቢራዎቹ እዚያ ናቸው። መሐሉ የስንት ቀን መንገድ ነው?"

"የአራት ቀን... ይሆናል።"

"እንግዲያው እነዚህ የሉም፣" አለና በክራንቹ ጫፍ ሦስት ጠርሙስ ቀስ አድርጎ አጋደመ። "እኛ በሁለተኛው ቀን ነው መነጋገር ያቆምነው። ምላስ ያብጣል።"

ጠርሙሶቹ ተንከባለው ከአንሶላው ወጡ። ካድሬው ብድግ ብሎ ክንዱን ወደ ላይ ሰንዝሮ "ወራሪ ይወድማል!" አለ፤ እኛም "ይወድማል!" ብለን ተበተንን።

በዚያው ሳምንት ወታደሩ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቅ መጣ። የሚያሳጥረው አንዱን እግር ብቻ ነው። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ካጠለቀ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ተንበርክኮ የለካውን ቁጥር ብቻ ጠራ። ቅዳሜ ስለነበር ቁልፎቹ ተሰልፈው ነበር። ወርቅ ሠሪው ለጨዋነት ብለው፣ "እስቲ የኔን ጦር ያዝልኝ፣ ወንድሜ፣" አሉት። ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

"ተራህ ነው፣" አለው አባቴ።

"አውቃለሁ። ወታደሮቹ ይረፉ።"

ሁለተኛው ተራ ደረሰ። "አሁንም ይረፉ።" በሦስተኛው ግማሹን ቁልፍ ለይቶ ወደ ወንዙ መለሰ፤ ውሃ ቀጂ ናቸው። ወርቅ ሠሪው ጦራቸው ሲባክን ማየት አቃታቸው። "በዚህ አያያዝህ እኮ ሞስኮ አትደርስም!"

"መድረስ አልፈልግም፣ ጋሼ።"

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ለመድረስ ለማይፈልግ ጦር ሕግ አላወጣሁም፣" አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግራ ገብቷቸው።

ያን ቀን መጽሐፉን ይዤ ቤት ገባሁ። "እለፊው" እየተባልኩ የዘለልኳቸውን ገጾች አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ፈረሳቸውን ስለበሉ ሰዎች፣ የሞተ ጓዳቸውን ጫማ ስለሚገፍፉ ሰዎች። እነዚህን ሁሉ ሰዎች እኔ "ጉዳት የደረሰበት የሰው ኃይል" እያልኩ ነበር ያለፍኳቸው፤ አፈርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልጠየቅ ከዳቦው ጀመርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ወታደሩም ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን አልቀረም።

ጨዋታውን የገደለው ግን ውሃው አይደለም፤ ቀበሌው ነው። ካድሬው ከበላይ አካል ምስጋና ስላገኘ በየወሩ አንድ ውጊያ እንዲቀርብ ዕቅድ አወጣ። አሸናፊው አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ሪፖርቱ በሦስት ኮፒ፣ ታይፕ የማደርገው እኔ። በሁለተኛው ወር መምህሩ ምን እንደሚነበብ መጠየቅ ተዉ። በሦስተኛው ወርቅ ሠሪው ወገቤን ብለው ቀሩ። "ከልክለውን ቢሆን ኖሮ ተደብቀን ዕድሜ ልካችንን እንዋጋ ነበር፣" ይሉ ነበር።

በመጨረሻ መምህሩ ካድሬው ዘንድ ሄደው፣ "ጦርነቱ አልቋል፣" አሉት።

"የቱ ጦርነት?"

"መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሁሉ።"

ሬዲዮኑ በየቀኑ የሚያወራው ሌላ ነበር፤ ካድሬው ግን ስለ መጽሐፍ ብቻ መሆኑን አረጋግጦ ዕቅዱ በሙሉ መጠናቀቁን መዘገበ። እኔም በሦስት ኮፒ መታሁት።

ሱቁ ለጥቂት ሳምንት ጭር አለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መምህሩ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዘው መጡ፤ ስለ ንብ እርባታ ነው። በዚህ ማንም አይመጣብንም አሉ። ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳነብ አባቴ፣ "ቀፎውን የሚጠብቁት በየት በኩል ነው የሚቆሙት?" አለ። ወርቅ ሠሪው ወንበራቸውን አስጠጉ። "ሌላ ቀፎ ሲወርራቸውስ?" መምህሩ ጠመኔ ፈለጉ። እኔ መልሱን ፍለጋ ገጽ ስገልጥ ወታደሩ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ይሄንስ ከኔ ስሙት፣" አለ። "አባቴ ሠላሳ ቀፎ ነበረው።"

ስለ ቀፎ አሠራር ጀመረ፤ ሸምበቆው እንዴት እንደሚታሰር፣ በእበት እንደሚለቀለቅ፣ በምን እንደሚታጠን፣ ንብ ሲናደድ ድምፁ እንዴት እንደሚቀየር። ሲያወራ እጁ አብሮት ያወራል። ለአንድ ዓመት ያህል ዝም ብሎ የኖረ ሰው ያን ሁሉ ቃል የት አስቀምጦት እንደነበር እንጃ። ደንበኛ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ አባቴ፣ "ሰኞ ተመለሱ፣" አለ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር።

"በአንድ ቀፎ ስንት ይሆናሉ?" አሉ ወርቅ ሠሪው፣ ዓይናቸው እያበራ።

"ማን ይቆጥራቸዋል፣ ጋሼ?" አለና ስለ ማሩ ቀጠለ።